የሩቁ እጅና የቤቱ ቁልፍ

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ይላል ያገራችን ሰው። እኔም በዚሁ ተረት ያደግሁ ነኝና፣ አንድ ምሽት ኮምፒዩተሬ አልታዘዝ ሲለኝ መጀመሪያ ያንኳኳሁት የጎረቤቴን በር ነበር። ሁለት ሳምንት የደከምኩበት ጽሑፍ አልከፈት ብሎኛል፤ የማስረክበው ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ነው። ጎረቤቴ አይቶ፣ ነካክቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ጥገና ቤቶች ተዘግተዋል። ቢቸግረኝ ፍራንክፈርት ለሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ።

«አይዞህ፣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም እልክልሃለሁ። ጫነውና የሚያሳይህን ቁጥር ንገረኝ» አለኝ።

ጫንኩት። ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥርና አጭር የይለፍ ቃል ብቅ አሉ። በስልክ አነበብኩለት። ጥቂት ቆይቶ፣ እጄ ጉልበቴ ላይ እንደተቀመጠ፣ በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ብቻዋን መንቀሳቀስ ጀመረች። ፋይሎቼን ከፈተች፣ ዘጋች፣ አንዱን አልፋ ወደ ሌላው ገባች። በቤቴ ውስጥ የማይታይ ሰው የሚመላለስ መሰለኝ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጽሑፌ ተገኘ። የሩቅ ዘመድ የቅርቡን ጎረቤት ረታ።

«ሌላ ጊዜ እንዳትቸገር፣ አንተ ባትኖርም መግባት እንድችል ቋሚ የይለፍ ቃል አድርጌበታለሁ» አለኝ ሊሰናበተኝ ሲል። አመሰገንኩት፤ ረሳሁትም።

ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የማያስፈልገኝን ፕሮግራም ሁሉ ላጠፋ ስቀመጥ ያንኑ ፕሮግራም አገኘሁት። ኮምፒዩተሩን በከፈትኩ ቁጥር አብሮ እየተነሳ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲጠብቅ ኖሯል። የአጎቴ ልጅ በበኩሉ የይለፍ ቃሉን ያስቀመጠበትን ላፕቶፕ ሸጦታል፤ ከመሸጡ በፊት አጥፍቶት እንደሆነ አያስታውስም። የደረሰብኝ ጉዳት የለም። ቢሆንም ላብ አጠመቀኝ። እኔ ሰው እያነጋገርኩ የምጽፍ ሰው ነኝ። በዚያ ማሽን ውስጥ «ስሜ እንዳይወጣ» ብለው ያጫወቱኝ ሰዎች ቃል ተቀምጧል። ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ብሆንም፣ ቤቱ የእኔ ብቻ አልነበረም።

የእነዚህን ፕሮግራሞች ታሪክ ወደኋላ ሄጄ መመርመር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የትኛው ፈጣን ነው፣ የትኛው ርካሽ ነው ብሎ ማወዳደር ቀላል ነው። እኔ ግን ሳነብና ሳጠያይቅ አንድ ጥያቄ ከፊቴ አልጠፋ አለኝ፦ በየዘመኑ የቤቱ ቁልፍ በማን እጅ ነበር? ያየሁትን ለአንባቢ ላካፍል። የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም ሩቅ የነበረበት ዘመን

በሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተርን ማዘዝ የትናንት ግኝት አይደለም። ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ አንድ ሺህ ያህል የሙያ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትርኢት አሳየ። ዛሬ ማውስ የምንላትን መሣሪያ ሕዝብ ፊት ያወጣት ያን ዕለት ነው። ለእኛ ጨዋታ ግን የሚበልጠው ሌላው ነገር ነው። የሚያዘው ኮምፒዩተር አዳራሹ ውስጥ አልነበረም፤ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜንሎ ፓርክ ነበር። እዚያ የነበረ የሥራ ባልደረባው ፊቱ በስክሪኑ ላይ እየታየ፣ ሁለቱም አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ እየተመለከቱ ይነጋገሩበት ነበር። የአጎቴ ልጅና እኔ በዚያ ምሽት ያደረግነው ሁሉ ከሞላ ጎደል ያን ቀን ታይቷል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ታዲያ ኮምፒዩተር ማለት አንድ ክፍል የሚሞላ፣ ድርጅት እንጂ ግለሰብ የማይገዛው ማሽን ነው። ተጠቃሚው ሁሉ ከሩቅ ነው የሚሠራው፤ ፊቱ ያለው የፊደል ገበታና ስክሪን ብቻ ነው። ማሽኑ ሲታመም ሐኪሙ አጠገቡ አለ። የግል ኮምፒዩተር ሲመጣ፣ በተለይም አይ.ቢ.ኤም. በ1981 የራሱን ካወጣ በኋላ፣ ነገሩ ተገለበጠ። ማሽኑ ወደየጠረጴዛው መጣ፤ ሕመሙም አብሮት መጣ። ሐኪሙ ግን በየቤቱ አልመጣም። የግል ኮምፒዩተር ነፃነትን ከብቸኝነት ጋር አቀናጅቶ ሰጠን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከሩቅ ሆኖ የሚረዳ ፕሮግራም የተወለደው ከዚህ ብቸኝነት ነው።

የስልኩ ዘመን

በ1986 ዳይናሚክ ማይክሮፕሮሰሰር አሶሽዬትስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ «ኤኒዌር» የሚል ፕሮግራም አወጣ። ትርጉሙ «የትም ቦታ» ማለት ነው። በኋላ «ፒሲ ኤኒዌር» ተብሎ ስሙ ገነነ፤ በ1991 ሲማንቴክ ኩባንያውን ገዝቶ የራሱ አደረገው። በዚያው አሥር ዓመት «ካርቦን ኮፒ» የሚባል ተወዳዳሪ ነበረው። ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ፋራሎን የሚባል ኩባንያ የሚሸጠው «ቲምቡክቱ» መጣ። ፈረንጆቹ ቲምቡክቱ ሲሉ «የትና የት» ማለታቸው ነው። ለእኛ ለአፍሪካውያን ግን የጥንት ጽሑፎች የተከማቹባት የማሊ ከተማ ነች። ለእነሱ የዓለም ዳርቻ የሆነው ለሌላው የዕውቀት ቤት መሆኑ፣ ስለ ሩቅና ቅርብ ለምናወራበት ለዚህ ጽሑፍ የማይረባ ነገር አይደለም።

እነዚህ ፕሮግራሞች የሚገናኙት በስልክ ሽቦ ነበር። ሁለቱም ወገን ሞደም ይኖረዋል፤ አንዱ ይደውላል፣ ሌላው ያነሳል። ፍጥነቱን እስቲ እናስላው። የዚያን ጊዜው የጽሑፍ ስክሪን በ25 መስመር 80፣ 80 ፊደል ይይዛል፤ በጠቅላላው 2,000 ፊደል። በሰከንድ 2,400 ቢት የሚያስተላልፍ ሞደም በሰከንድ ወደ 240 ፊደል ያሳልፋል። እንግዲህ አንዱን ስክሪን ለማሳየት ስምንት ሰከንድ ይወስዳል። ይህ ይቻላል። ነገር ግን ዊንዶውስ ከነሥዕሉ ሲመጣ፣ 640 በ480 ነጥብ ያለው ባለ 16 ቀለም ስክሪን ብቻውን 1,228,800 ቢት ሆነ። በሰከንድ 9,600 ቢት በሚሄድ ሞደም አንዱ ሥዕል ሳይታመቅ ቢላክ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የእነዚህ ፕሮግራሞች ጥበብ ሁሉ ያረፈው «ምን አልልክ?» በሚለው ላይ ነበር። ያልተለወጠውን ትቶ የተለወጠውን ብቻ መላክ፣ አንድ ጊዜ የተላከውን ማስታወስ፣ ቀለሙን መቀነስ።

ቁልፉስ? ቁልፉ በቤቱ ነበር። የሚገባው ሰው የስልክ ቁጥሩን ማወቅ አለበት፤ ቀጥሎ የይለፍ ቃል ይጠየቃል። ጠንቃቃ የሆነው ባለቤት ደግሞ «መልሶ መደወል» የሚባለውን ዘዴ ይጠቀማል። ኮምፒዩተሩ የደወለውን ሰው ማንነት ይሰማና ስልኩን ይዘጋል፤ ከዚያም አስቀድሞ ወደተመዘገበው ቁጥር ራሱ ይደውላል። ሌባ የይለፍ ቃሉን ቢሰርቅ እንኳ የተመዘገበው ቤት ውስጥ ካልተቀመጠ አይገባም። እንግዳ ሲገባ ስልኩ ይያዛል፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል። ካልፈለገ ሽቦውን ይነቅላል። ዘገምተኛና ውድ ዘመን ነበር፤ በሩ ግን አንድ ነበር፣ ባለቤቱም ያየው ነበር።

ሁለት ትምህርት ቤቶች

በ1990ዎቹ ሁለት ዓይነት አስተሳሰብ ተወለደ። እስካሁንም ድረስ በገበያው ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች ለማወዳደር የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች መነሳት አለበት።

የመጀመሪያው በአሜሪካ ነው። ቀድሞ በአይ.ቢ.ኤም. ይሠራ የነበረው ኤድ ያኮቡቺ በ1989 ሲትሪክስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። ሐሳቡ አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከየቦታቸው እንዲሠሩበት ማድረግ ነው። በ1995 የማይክሮሶፍትን ዊንዶውስ ኤን.ቲ. በስምምነት አሻሽሎ «ዊንፍሬም» የተባለውን አወጣ። ማይክሮሶፍት ነገሩ እንደሚያዋጣ ሲያይ በ1997 ከሲትሪክስ ጋር ተስማምቶ ቴክኖሎጂውን ወሰደ፤ በ1998 የራሱን «ተርሚናል ሰርቨር» ለገበያ አቀረበ። ኦክቶበር 2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ ሲወጣ ይኸው ነገር «ሪሞት ዴስክቶፕ» ተብሎ ወደ ግል ኮምፒዩተር ገባ።

ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ነው። እዚህ ላይ ስለ ቡና ላንሳ፤ ለቡና አገር አንባቢ መቼም ይህ አይዘለልም። በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንዲት የጋራ የቡና ማፍያ ነበረቻቸው። ክፍላቸው ሩቅ የሆነ ሰዎች ደረጃ ወጥተው ወርደው ሲደርሱ ማፍያዋን ባዶ ያገኟታል። ኩዌንቲን ስታፎርድ ፍሬዘርና ፖል ጃርዴትስኪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ካሜራ ደገኑባትና ምስሏ በየስክሪኑ እንዲታይ አደረጉ። በ1993 ምስሉ በኢንተርኔት ለዓለም ታየ፤ እስከ 2001 ድረስም ቆየ። ከካፋ ምድር የወጣችው ቡና በኢንተርኔት ካሜራ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ተቀምጣለች ማለት ነው።

ይኸው ስታፎርድ ፍሬዘር በዚያው ከተማ ኦሊቬቲ በመሠረተው የምርምር ማዕከል ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የሠራው ነገር ደግሞ ቪ.ኤን.ሲ. ተባለ። በ1998 የውስጥ ጽሑፉ ሳይቀር ለማንም በነፃ ተለቀቀ። የማሳያው ፕሮግራም እጅግ ትንሽ ስለነበረ ከአንድ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ይነሳ ነበር። ማዕከሉን በ1999 ኤ.ቲ.ኤንድ.ቲ. ገዛው፤ በ2002 ዘጋው። ሠራተኞቹ ተሰባስበው በዚያው ዓመት ሪል ቪ.ኤን.ሲ. የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ነፃ የተለቀቀው ጽሑፍ ግን አንድ ኩባንያ ሊዘጋው የማይችል ሆኖ በሌሎች እጅ በብዙ ስም ተባዛ።

ሁለቱ በምን ይለያሉ? የማይክሮሶፍቱ ትእዛዝ ይልካል፦ «እዚህ ጋ ሳጥን ሥራ፣ እዚያ ጋ ይህን ፊደል አስቀምጥ» ይላል፤ ሥዕሉን የሚሠራው ተቀባዩ ነው። የካምብሪጁ ግን ነጥቦቹን ራሳቸውን ይልካል፦ «በዚህ ቦታ ያለው ሥዕል ይህን ይመስላል» ነው ነገሩ። የመጀመሪያው ቀጭን መንገድ ይበቃዋል፤ በዊንዶውስም ላይ ፈጣን ነው። ሁለተኛው መንገድ ይፈጃል፤ በምላሹ ግን ዊንዶውስ፣ ማኪንቶሽ፣ ሊኑክስ ሳይል ከየትኛውም ወደየትኛውም ይሄዳል። ሥዕል ማየት የሚችል ሁሉ ይገባዋልና።

ለእርዳታ ሲሆን ደግሞ ሌላ ልዩነት አለ። በሪሞት ዴስክቶፕ አንድ ሰው ከሩቅ ወደ ግል ኮምፒዩተር ሲገባ፣ ማሽኑ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ስክሪን ይቆለፋል። ለራስህ ቢሮ ከቤትህ ለመግባት ጥሩ ነው፤ ለመማር ወይም ረዳትህ የሚሠራውን ለማየት ግን አይሆንም። በቪ.ኤን.ሲ. ሁለቱም አንዱን ስክሪን ያያሉ። ማይክሮሶፍት ይህን ስለተረዳ በኤክስፒ ውስጥ «ሪሞት አሲስታንስ» የሚል ሌላ መሣሪያ ጨመረ። በዚህኛው ተረጂው ራሱ መጥሪያ ይልካል፤ መጥሪያው ቀን ያልፍበታል። ረዳቱ ሲመጣ «ይይ?» ተብሎ አንድ ጊዜ፣ «ይንካ?» ተብሎ ሁለተኛ ጊዜ ተረጂው ይጠየቃል። ከሁሉም መሣሪያዎች መካከል የአበሻን የእንግዳ ሥርዓት የሚመስል ያገኘሁት ይህ ነው። ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ግቡ ሲባል ይገባል፤ ተቀመጡ ሳይባል አይቀመጥም።

ታዲያ ለምን አላሸነፈም?

ዘበኛውና ደላላው

ያላሸነፈበት ምክንያት ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ስለተለወጠ ነው። ኢንተርኔት ሲስፋፋ የአድራሻ እጥረት መጣ። በመጀመሪያው አሠራር በዓለም ላይ ሊኖር የሚችለው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ያህል ነው፤ ለሰውም ለማሽኑም የማይበቃ። ከ1994 ጀምሮ የተገኘው መላ ብዙ ኮምፒዩተሮች ከአንድ አድራሻ ኋላ እንዲቀመጡ ማድረግ ሆነ። ብዙ ተከራይ ያለበትን አንድ ግቢ አስቡ። የግቢው ቁጥር አንድ ነው፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ። ተከራዩ ወደ ውጭ መልእክተኛ ሲልክ ዘበኛው ያሳልፋል፤ መልሱንም ለላከው ያደርሳል። ከውጭ ሳይጠራ የመጣውን ግን ወደየትኛው ክፍል እንደሚመራው አያውቅም፤ ይመልሰዋል። ሪሞት ዴስክቶፕም ቪ.ኤን.ሲ.ም ከበሩ ላይ የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። ዘበኛውን «በዚህ ቁጥር የሚመጣውን ለእኔ ላክልኝ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ይህን ማዘዝ የሚችል ሰው መጀመሪያውኑ የሩቅ ዘመድ እርዳታ ባላስፈለገው።

መፍትሔው ደላላ ሆነ። ሁለቱም ወገን ወደ ውጭ መልእክተኛ ይልካሉ፤ ሁለቱ መልእክተኞች በአንድ መካከለኛ ቤት ይገናኛሉ። ዘበኞቹም የየራሳቸው ሰው የወጣ ስለሚመስላቸው አይከለክሉም። ቡዳፔስት ላይ በ2003 የተጀመረው ሎግሚኢን፣ ቀጥሎም በ2005 በጀርመን አገር የተመሠረተው ቲምቪወር በዚህ መንገድ ሄዱ። ቲምቪወር ለግል ጥቅም በነፃ ስለተሰጠ፣ አጠቃቀሙም አንድ ቁጥርና አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ስለሆነ፣ ስለ ኮምፒዩተር ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ በስልክ ተነግሮት ይሠራው ጀመር። በ2014 ከቲምቪወር የወጡ ሰዎች በሽቱትጋርት ኤኒዴስክን አቋቋሙ፤ የእነሱ ብልጫ የስክሪን ሥዕልን በቀጭን መንገድ ቶሎ የሚያደርስ የማመቂያ ዘዴ ነው። ጉግልም በ2011 በብራውዘሩ በኩል የሚሠራ የራሱን ጨመረ።

ይህ በባሕር ማዶ ላሉ ወገኖቻችን ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያሻኝም። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ልጅ አዲስ አበባ ያለችውን እናቱን «እማዬ፣ ቁጥሩን አንብቢልኝ» ብሎ ኮምፒዩተሯን ያስተካክልላታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1997 ነውና፣ የስልኩን ዘመን ፕሮግራሞች ብዙዎቻችን ሳናያቸው አልፈዋል። እኛ ወደዚህ ነገር የገባነው በደላላው በር ነው።

ደላላ ግን በነፃ አይሠራም። ሎግሚኢን ለዓመታት በነፃ ሲሰጥ የቆየውን አገልግሎት በጃንዋሪ 2014 አቋረጠ፤ ተጠቃሚዎቹ ክፈሉ ወይም ሂዱ ተባሉ። በነፃ የሚሰጡትም ቢሆኑ ሥራ ላይ ያዋላችኋቸው ሲመስላቸው ግንኙነቱን ይቆርጣሉ። ገንዘቡ ግን ትንሹ ጉዳይ ነው። ትልቁ፣ በስልኩ ዘመን በቤት የነበረው በር አሁን በሌላ ሰው ግቢ መሆኑ ነው። የሚተላለፈው ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ በምስጢር ይቆለፋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያውቀው፣ ፕሮግራሙን የሚያድሰው፣ መታወቂያውን የሚሰጠው ደላላው ነው።

እንግዳ መስሎ የመጣ

ለረዳት የተከፈተ በር ለሌባም ይከፈታል። ይህ በሦስት መንገድ ታየ።

አንደኛው በፕሮግራሙ ስንጥቅ ነው። በጃንዋሪ 2012 ሲማንቴክ፣ የፒሲ ኤኒዌር የውስጥ ጽሑፍ በ2006 ተሰርቆበት እንደነበረ ገልጾ፣ ስንጥቁ እስኪደፈን ድረስ ደንበኞቹ ፕሮግራሙን እንዳይጠቀሙበት መከረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ የስልኩ ዘመን አንጋፋ ከገበያ ወጣ። በሜይ 2019 ደግሞ «ብሉኪፕ» የተባለ ስንጥቅ በሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት ላይ ተገኘ። የይለፍ ቃል ሳያስፈልግ ያስገባ ነበርና፣ ማይክሮሶፍት ድጋፍ ካቆመ አምስት ዓመት ለሆነው ለኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አወጣ። የመጀመሪያው ቪ.ኤን.ሲ.ም ንጹሕ አልነበረም፤ ከይለፍ ቃሉ የሚቆጥረው ስምንት ፊደል ብቻ ነበር፣ ከገቡ በኋላ የሚሄደውም ሥዕል በምስጢር አይቆለፍም ነበር።

ሁለተኛው በደላላው ቤት ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ኤኒዴስክ የሥራ ሰርቨሮቹ መደፈራቸውን አስታወቀ፤ የደህንነት ማረጋገጫዎቹን ለወጠ፣ የደንበኞች መግቢያ የሆነውን ገጽ የይለፍ ቃሎች ሻረ። በዚያው ዓመት በጁን ቲምቪወርም የኩባንያው የውስጥ መረብ እንደተደፈረ ገለጸ፤ የደንበኞች ግንኙነት የሚያልፍበት ክፍል የተለየ በመሆኑ እንዳልተነካ አስረዳ። ሁለቱም በይፋ መናገራቸው ያስመሰግናቸዋል። ለእኔ ትምህርቱ ግን ሌላ ነው። የእኔ በር ጠንካራ ሆኖ ሳለ የማላውቀው ግቢ ሲደፈር እኔም እንድደነግጥ ሆኛለሁ።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የከፋው፣ ስንጥቅ የማይፈልገው ነው። ስልክ ይደወላል። «ከትልቁ ኩባንያ ነው፤ ኮምፒዩተርዎ ቫይረስ ይዞታል» ይላል ደዋዩ። በዊንዶውስ ውስጥ የማሽኑ የዕለት ተዕለት ክንውን የሚመዘገብበት ዝርዝር አለ፤ በጤነኛ ማሽን ላይም ቀይ ምልክት አያጣም። ያን እንዲከፍቱ ያደርግና ያስደነግጣቸዋል። ከዚያ የርዳታ ፕሮግራም ያስጭናቸዋል፤ ቁጥሩን ያስነብባቸዋል፤ ይገባል። «ጠግኜዋለሁ» ብሎ ያስከፍላል፤ ወይም ባንካቸውን ይከፍታል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኦክቶበር 2012 እንዲህ የሚሠሩ ስድስት ቡድኖችን ወደ ፍርድ ቤት ወስዶ ማሳገዱን አስታውቋል። ነገሩ ግን አልቆመም። በሜይ 2024 ማይክሮሶፍት፣ በዊንዶውስ ውስጥ ተገጥሞ የሚመጣውን «ኩዊክ አሲስት» የተባለ የርዳታ መሣሪያ ወንጀለኞች እንደሚጠቀሙበት አስጠነቀቀ። መጀመሪያ የሰውየውን የመልእክት ሳጥን በማይረባ ደብዳቤ ያጥለቀልቁታል፤ ቀጥሎ «ይህን ችግር ልንፈታልዎ ነው» ብለው ይደውላሉ። በሽታውንም መድኃኒቱንም ይዞ የሚዞር ባለመድኃኒት ማለት ይህ ነው።

ልብ በሉ፤ በዚህ በሦስተኛው መንገድ ፕሮግራሙ ሐቀኛ ነው። የተሰረቀ ነገር የለም። በሩን የከፈተው ባለቤቱ ነው። እኔም ለአጎቴ ልጅ ያደረግኩት ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ የእኔ እንግዳ ወዳጅ መሆኑ ብቻ ነው።

የትኛው ይሻላል?

«ይህን ሁሉ ካወራኸን በኋላ የትኛውን እንጫን?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እኔ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። እንግዳው ሲገባ አየዋለሁ ወይ? በመጣ ቁጥር ያስፈቅደኛል ወይ? መንገዱ በማን ግቢ ያልፋል? ሲወጣ በሩ ይዘጋል ወይ?

ለራሱ መሥሪያ ቤት ከቤቱ መግባት ለሚፈልግ ሰው ሪሞት ዴስክቶፕ ጥሩ ነው። ሆኖም ለቤት ተብሎ በሚሸጠው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ እንግዳ መቀበል አይችልም፤ ደግሞም በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት መሆን የለበትም፣ ብሉኪፕ ያስተማረው ይህን ነው። የተለያየ ዓይነት ማሽን ላለው፣ ራሱ ማስተካከል ለሚችልም ሰው ቪ.ኤን.ሲ. በተቆለፈ መንገድ ውስጥ ቢያልፍ ይበቃዋል። ዘመድ ለመርዳት የደላሎቹ ፕሮግራሞች በምቾት የሚወዳደራቸው የለም። ቲምቪወርና ኤኒዴስክ በየጊዜው የሚለወጥ የይለፍ ቃል ወይም የባለቤቱን ፈቃድ እየጠየቁ እንዲሠሩ ማድረግ ይቻላል፤ አደጋው ያለው ቋሚው የይለፍ ቃል ላይ ነው። ኩዊክ አሲስት ቋሚ መግቢያ የለውም፤ ረዳቱ በመጣ ቁጥር አዲስ ቁጥር ይሰጣል፤ ለአንድ ጊዜ እርዳታ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ደላላውን ጨርሶ ለማይወድ ደግሞ እንደ ረስትዴስክ ያሉ፣ የውስጥ ጽሑፋቸው ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች አሉ፤ መካከለኛውን ቤት ራስህ ሠርተህ ራስህ እንድትጠብቀው ይፈቅዳሉ። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ የራስ ግቢ ዘበኛ ራስ ነውና።

ታሪኩን በጥቂት ቃል ልቋጨው። ከ1986 ወዲህ እያንዳንዱ አዲስ ፕሮግራም አንድ ድካም አስቀርቶልናል። የስልክ ቁጥር መያዝ ቀረ፤ መልሶ መደወል ቀረ፤ መጥሪያ መላክ ቀረ፤ በመጨረሻም ማሽኑ አጠገብ መገኘት ራሱ ቀረ። ነገር ግን ከነዚህ ድካሞች አብዛኞቹ መቆለፊያም ነበሩ። ድካሙን ስናስቀር መቆለፊያውን አብረን አስቀረን።

እኔም ያን ፕሮግራም አጠፋሁት። የይለፍ ቃሎቼን ሁሉ ለወጥኩ። ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ከእንግዲህ ስቸገር በየጊዜው አዲስ ቁጥር እየሰጠሁት እንደምንገናኝ ነገርኩት፤ ትንሽ ቅር ቢለውም ተስማማ። ከዚያ የከበደኝን አደረግኩ። ቃላቸው በማሽኑ ውስጥ ለነበረው ሰዎች አንድ በአንድ እየደወልኩ፣ በሬ ከአንድ ዓመት በላይ ገርበብ ብሎ እንደከረመ አስታወቅኳቸው። አንዷ ሳቀችብኝ። አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና፣ «አሁንስ ዘግተኸዋል ልጄ?» አሉኝ።

«ዘግቼዋለሁ ጋሼ» አልኳቸው።

«እንዲያ ከሆነ ነገ ብቅ በል፤ ያላጫወትኩህ ይቀረኛል» አሉኝ።

ሄድኩ። ኮምፒዩተሩን ግን አልያዝኩም፤ በደብተር ጻፍኩት።